ጥንቃቄ የእምነት ጉድለት ነውን?

«ቀኑ ያልደረሰ ሰው አይሞትም» የሚለው አነጋገር በብዙ ወጣቶች አንደበት ይሰማል። ሞተር ብስክሌት የሚነዳው ሄልሜቱን በክንዱ አንጠልጥሎ ሲከንፍ፣ በመኪና የሚሳፈረውም የመቀመጫ ቀበቶውን ሳያስር ሲቀር፣ ምክንያት አድርገው የሚያቀርቡት ይህንኑ ነው። ለመሆኑ ከአደጋ የሚጠብቅ መሣሪያ መጠቀም በእግዚአብሔር አለመታመን ነውን? እኛ አይደለም እንላለን።

ለዚህ መልስ የሚሆነን በአገራችን አለ። በትግራይ የሚገኘው የደብረ ዳሞ ገዳም 15 ሜትር ያህል ቁመት ካለው ቀጥ ያለ ገደል በላይ ነው። መሥራቹ አቡነ አረጋዊ ወደዚያ የወጡት በዘንዶ ረዳትነት እንደሆነ ይተረካል። ከእርሳቸው በኋላ የሚወጣው ተሳላሚ ግን ዘንዶ አይጠብቅም። ወፍራሙን የጠፍር ገመድ ጨብጦ፣ ዐለቱን በእግሩ እየረገጠ ይወጣል። ሌላ ገመድ ደግሞ በወገቡ ይታሰርለትና ከላይ ያሉት ይይዙለታል። እጁ ቢዝል ወይም እግሩ ቢያዳልጠው የሚያተርፈው ይህ ሁለተኛው ገመድ ነው። ታዲያ ይህን ሰው «እምነት ጎደለህ» ብሎ የሚነቅፈው ማን ነው? በገደሉ ላይ ያልተነቀፈው ገመድ፣ በመኪና ውስጥ ቀበቶ ሲሆን ስለ ምን ይነቀፋል?

«ብሞትም እኔው ነኝ፤ ሌላውን ምን አገባው?» የሚሉም አሉ። ነገር ግን ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዛለች፤ ይህም ሰው ከዚያ ወድቆ ባለቤቱ በደም እንዳይጠየቅ ነው። እንግዲህ ጥንቃቄ ለባልንጀራም የሚከፈል ዕዳ መሆኑን ልብ እንበል። መኪና ተጋጭቶ ድንገት ሲቆም፣ ያልታሰረ ሰው በነበረበት ፍጥነት ወደፊት ይወረወራል። ከኋላ ያለ ቀበቶ የተቀመጠው፣ ቀበቶ አስሮ ከፊቱ የተቀመጠውን ወንድሙን ሊገድለው ይችላል። አካሉ ጎድሎ ቢተርፍም ሸክሙ በእናቱና በእኅቶቹ ላይ ይወድቃል።

እ.ኤ.አ. በ1959 ኒልስ ቦህሊን የተባለ ስዊድናዊ መሐንዲስ በትከሻና በወገብ የሚያልፈውን ቀበቶ ለቮልቮ ኩባንያ ሠራ። ኩባንያውም ሌሎች መኪና ሠሪዎች እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፣ ቀበቶ ማሰር ከፊት የሚቀመጡትን ሰዎች የሞት አደጋ እስከ ግማሽ ድረስ ይቀንሳል። በነጻ የተሰጠን በረከት «ፈሪ» እንዳንባል ብለን ብንተወው ምን ይባላል?

ይሁን እንጂ መሣሪያ ለድፍረት ፈቃድ አይሆንም። ሄልሜት አጥልቆ በፍጥነት የሚከንፍ፣ ቀበቶ አስሮ ጠጥቶ የሚነዳ ሰው ተጠነቀቀ አይባልም።

ስለዚህ ውድ ወጣቶች፣ ለመስከረም 21 ወደ ግሸን ወይም ለታኅሣሥ 19 ወደ ቁልቢ ጉዞ ስናዘጋጅ፣ ከዋጋው አስቀድመን ስለ ቀበቶው እንጠይቅ፤ ከመቀመጫው ቁጥር በላይም ሰው አንጫን። ወደ ጣና ገዳማት በጀልባ ስንሻገር የመንሳፈፊያው ጃኬት በሰው ልክ መኖሩን ቆጥረን እንሳፈር፤ አስቀድመንም ለሕፃናትና ዋና ለማይችሉ እናልብስ። በሞተር ሰው የምናፈናጥጥ ከሆነ ሁለተኛ ሄልሜት እንያዝ። ጸሎታችንን አድርሰን ቀበቶአችንን እንሰር፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልምና።