ሰብር ዝምታ አይደለም

በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመልሰዋል። ከእነርሱም መካከል በአሠሪዎቻቸው የተደበደቡና የተደፈሩ እህቶች ነበሩ። እንዲህ ያለች እህት አገሯ ስትገባ ብዙ ጊዜ የምትሰማው ምክር «ሰብር አድርጊ፤ ነውርሽን ሸፍኚ» የሚል ነው። ለመሆኑ ነውሩ የማን ነው? የበዳዩ ወይስ የተበዳይዋ?

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ኒሳእ 148ኛ አንቀጽ ክፉን ነገር በይፋ መናገርን እንደማይወድ ሲገልጽ የተበደለን ሰው ለይቶ አውጥቷል። ነቢዩ ያዕቁብም (ዐ.ሰ.) መልካም ትዕግሥትን ይዘው ሳለ ዓይናቸው እስኪነጣ አዝነዋል፤ ስሞታቸውንም ለጌታቸው አቅርበዋል። እንግዲያው ሰብር ማለት አፍን መለጎም አይደለም።

አንደበቷ ለተያዘ እህት እጇ ሊናገርላት ይችላል። የሐረር እናቶችን ስፌት እንመልከት፤ ቀለሙን የምትመርጠው፣ የተበላሸውን ረድፍ ፈትታ እንደገና የምትሰፋው ሰፊዋ ራሷ ናት። ፈቃዷን ለተነጠቀች ሴት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሕያው ፍጡርን በመሣል ላይ ዑለማዎች ቢለያዩም ስፌትና የሐረግ ጥልፍ የሚያከራክሩ አይደሉም።

ይሁንና ስፌት ፍርድን አይተካም። ክርና ወስፌ አቀብለን ስለ በዳዩና ስለ ደላላው ዝም ካልን የበደሉ ተባባሪዎች ነን። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በዳይን እንኳ ከበደሉ በመከልከል እንድንረዳው አዘዋል። ታዲያ ጀመዓዎቻችን ለእነዚህ እህቶች አንዲት ክፍልና አንድ አዳማጭ ጆሮ የሚያዘጋጁት መቼ ነው?

ወላሁ አዕለም።