ዶቅዶቄና አማና

ባለፈው ወር አንድ ምሽት፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ ስልኬ ተከታትሎ ሁለት ጊዜ ጮኸ። የመጀመሪያው ደዋይ ታናሽ ወንድሜ ነበር። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ የሚወስደውን መንገድ ተከትለው ካሉት የገጠር ቀበሌዎች ሰውና ዕቃ እያመላለሰ የሚተዳደርበት ሞተር ሳይክል ሊገዛ ቆርጦ ተነስቷል። ካጠራቀመው የጎደለውን እንድሞላለት ነው የጠየቀኝ። «ጋሼ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ኢንሻአላህ እመልስልሃለሁ» አለኝ። ሁለተኛዋ ደዋይ እናታችን ነበረች። እሷ ነገር ማርዘም አታውቅበትም። «ገንዘቡን የምትልክለት ከሆነ ከፈኑንም አብረህ ላክለት» ብላኝ ስልኩን ዘጋችው።

ከዚያ ምሽት ወዲህ ለሁለቱም የሚሆን አንድ መልስ ስፈልግ ሰነበትኩ። ውድ አንባቢያን፣ ነገሩ የአንድ ቤተሰብ ገመና መስሎ ሊታያችሁ ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን ከሥሩ ያለው ጥያቄ የሁላችንም ነው። ሰው ነፍሱን ለአደጋ አሳልፎ መስጠት የሚፈቀድለት እስከ ምን ድረስ ነው? ለየትኛውስ ጉዳይ? ነፍሳችን በእጃችን የተቀመጠች አማና እንጂ እንደ ልባችን የምንበትናት ንብረት እንዳልሆነች ሁላችንም እናውቃለን። ሆኖም ይህን የሚያውቀው ሰው ራሱ ጠዋት ተነስቶ መንገድ ይወጣል፤ አስፋልት ያቋርጣል፤ ባሕር ይሻገራል። አደጋ የሌለበት ኑሮ የለምና!

በቅድሚያ አንድ ነገር ልናገር። በዚህ ጉዳይ ላይ ገለልተኛ ዳኛ አይደለሁም። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ መጀመሪያ የተቀጠርኩበት መሥሪያ ቤት ለመስክ ሥራ ሞተር ሰጥቶኝ ነበር፤ ሁለት ዓመት ያህል ነድቼዋለሁ። ዶቅዶቄ የነዳ ሰው ጣዕሙን መካድ አይችልም። መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው መንገዱን በመስኮት ያያል፤ ሞተረኛው ግን መንገዱ ውስጥ ነው። የእርጥብ አፈሩ ሽታ፣ ከዳገቱ ሥር ወደ ወንዙ ሲወርዱ ድንገት የሚቀዘቅዘው አየር፣ በኩርባው ላይ ከሞተሩ ጋር ማዘንበል፤ ይህ ሁሉ ለሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ከደመወዙ የሚበልጥ ነገር ነበር። እኔም ሳያስፈልገኝ እፈጥን ነበር። የሚጠብቀኝ ጉዳይ ኖሮ አልነበረም፤ ደስ ስለሚለኝ ብቻ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ከቆመ አይሱዙ ጀርባ ጀሪካን ያዘለች ልጅ ብቅ አለች። ፍሬን ያዝኩ፤ መሪውን ጠመዘዝኩ፤ ሞተሩ ግን የራሱን መንገድ ያዘ። እኔ ጉልበቴን ተላጥኩ። እሷ ክንዷ ተሰበረ። ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ ተቀመጡ፤ የሕክምናውን ከፈልኩ፤ አባቷም ለአላህ ብሎ ዐውፍ አለኝ። ከዓመት በኋላ ሳያት ክንዷ ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም ነበር። ያ አባት ይቅር ያለኝን እኔ ግን እስከ ዛሬ እየቆጠርኩ እኖራለሁ። የዚያን ዕለት የተደሰትኩት እኔ ነበርኩ፤ የደስታዬን ዋጋ የከፈለችው ግን ከዚያ በፊት አይታኝ የማታውቅ ሕፃን ነበረች።

ስለዚህ ይመስለኛል «የዐረቢያው ሎውረንስ» የሚባለው የእንግሊዝ መኮንን አሟሟት ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ። ይህ ሰው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከዐረቦች ጋር ሆኖ በዑስማኒያ መንግሥት ላይ የተዋጋ ነው፤ ስለዚያ ዘመቻና ዐረቦች በምላሹ ስላገኙት ክህደት የምለው ብዙ ነበረኝ፤ ለሌላ ጊዜ ይቆየን። ኦማር ሸሪፍ የተጫወተበትን የ1962ቱን ፊልም ያየ ሰው ታሪኩ በሞተር አደጋ እንደሚጀምር ያስታውሳል። አደጋው ልብ ወለድ አይደለም። እ.ኤ.አ. ሜይ 13 ቀን 1935 ሎውረንስ በደቡብ እንግሊዝ፣ ከጎጆው ብዙም በማይርቅ ጠባብ መንገድ ላይ፣ በሚወደው ብራፍ ሱፒሪየር ሞተር ሲነዳ በብስክሌት ይሄዱ የነበሩ ሁለት ልጆችን ላለመግጨት መሪውን አጠፈ። በጭንቅላቱ ወደቀ፤ ሄልሜት አላደረገም ነበር፤ ከስድስት ቀን በኋላ በ46 ዓመቱ ሞተ። ከጦርነት ተርፎ የመጣን ሰው የሰፈሩ መንገድ ገደለው። ካከሙት ሐኪሞች መካከል ሂዩ ኬርንስ የሚባል የአንጎል ቀዶ ጥገና ሐኪም ነበር። ይኸው ሐኪም ስለ ሞተረኞች የጭንቅላት ጉዳት ማጥናት ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1941 ያሳተመው ጽሑፍም ዛሬ በየአገሩ ለተደነገገው የሄልሜት ግዴታ መሠረት ከጣሉት አንዱ ነው።

የሥራ ባልደረባዬ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። «ታዲያ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሞተር የሚወድ ሰው በተከለለ መም ላይ ይንዳ፤ መንገድ ላይ የሚነዳው እብድ ብቻ ነው» አለኝ። አባባሉ እውነት አለበት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዶሐ የምትኖረውን አክስቴን ልጠይቅ ሄጄ ከልጇ ጋር ሉሳይል የሚባለውን የመወዳደሪያ መም አይቻለሁ። መሙ 5.38 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የዓለም የሞተር ሻምፒዮና በዚያ በመብራት ታጅቦ በሌሊት ሲካሄድ ቆይቷል። ተወዳዳሪዎቹ በቀጥተኛው መስመር ላይ በሰዓት ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራሉ። ዓይኔ እያየ አንዱ በኩርባው ላይ አመለጠውና ወደቀ። ጠጠሩ ላይ ተንሸራቶ፣ ተንከባልሎ፣ ተነሳና አቧራውን አራገፈ! እኔ በዚያ ፍጥነት ሲሶ እንኳ ሳልነዳ የሰው ልጅ ክንድ ሰብሬያለሁ።

ልዩነቱ ምንድነው? መሙ ላይ ፊት ለፊት የሚመጣ መኪና የለም፤ ግንድ የለም፤ የስልክ እንጨት የለም፤ ጀሪካን ያዘለች ልጅ የለችም። የወደቀው ሰው የሚያርፍበት ሰፊ ጠጠር ተነጥፎለታል። በትልቁ የውድድር ደረጃ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በአየር የሚነፋ ልብስ ግዴታ ሆኗል። ሐኪምና አምቡላንስ አጠገቡ ቆመዋል። በአጭሩ ሰውየው ለብቻው ከራሱ ስሕተት ጋር እንዲጋፈጥ ተደርጓል። የአክስቴ ልጅ ግን ሌላ ነገር ነው ያየው። እሱ በዚያው ከተማ ምግብ በሞተር የሚያደርስ ሠራተኛ ነው። «እዚህ ሲወድቁ አምቡላንስ ይጠብቃቸዋል፤ እኔ ስወድቅ የሚጠብቀኝ ምግቤ ቀዘቀዘ የሚል ደንበኛ ነው» አለኝ። ለጨዋታ የሚነዳው ሰው በጥበቃ ተከቦ፣ ለእንጀራው የሚነዳው ግን ባዶውን መሆኑ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ያም ሆኖ መሙ ከሞት አያድንም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 23 ቀን 2011 በማሌዥያው ሴፓንግ የ24 ዓመቱ ጣሊያናዊ ማርኮ ሲሞንቼሊ ወድቆ፣ ከኋላው ይመጡ የነበሩ ሁለት ተወዳዳሪዎች ገጭተውት ሞተ። ከሁለቱ አንዱ የቅርብ ወዳጁ ቫለንቲኖ ሮሲ ነበር። ሮሲ ምንም ጥፋት አልነበረበትም፤ ነገር ግን እንዲህ ያለውን ሸክም ማን ይመኛል? እዚያ የነበሩት ሁሉ ወደው፣ አውቀው፣ ተስማምተው የገቡ ናቸው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቢሆንም «የምጎዳው ራሴን ብቻ ነው» የሚለው ቃል መሙ ላይ እንኳ ሙሉ እውነት አለመሆኑን ያሳያል።

በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ባለችው አይል ኦፍ ማን ደሴት ደግሞ መንገዱና መሙ አንድ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1907 ጀምሮ በየዓመቱ የሕዝቡ መንገድ ለትራፊክ ተዘግቶ ውድድር ይደረግበታል፤ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ዘመንና በአንዳንድ ዓመታት ከመቋረጡ በስተቀር። ስልሳ ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው ዙር በድንጋይ ግንቦችና በሰው ቤት ደጃፍ ያልፋል። በዚህ ዙር ላይ ከ260 በላይ ተወዳዳሪዎች ሞተዋል፤ በ2022ቱ ውድድር ብቻ ስድስት። እ.ኤ.አ. በ1972 ጂልቤርቶ ፓርሎቲ በዚያ ሲሞት፣ አሥር ጊዜ ያሸነፈበት ጃኮሞ አጎስቲኒ ዳግመኛ እዚያ አልወዳደርም አለ። ከ1976 በኋላም ውድድሩ ከዓለም ሻምፒዮና ወጣ። ነገር ግን ዛሬም ወረፋ ይዘው የሚመጡ አሉ። ማንም አያስገድዳቸውም፤ ሲጠየቁም ሕይወት የሚጣፍጠን እዚያ ነው ይላሉ። እኔ ጣዕሙን አልክድባቸውም፤ ቀምሼዋለሁና። ነገር ግን አማናን በእያንዳንዱ ግንብ አጠገብ እንደ ቁማር ማስቀመጥ ነው ብዬ ከማመን አላልፍም። አሥር ጊዜ ያሸነፈው ሰው «በቃኝ» ማለቱ ለኔ ከአሥሩ ዋንጫ ይበልጣል።

«መም ላይ የተለማመደ ሰው መንገድ ላይ ጎበዝ ይሆናል» የሚሉም አሉ። እዚህ ላይ አልስማማም። የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ሃሪ ኸርት ሎስ አንጀለስ ውስጥ 900 የሚሆኑ የሞተር አደጋዎችን በቦታው ተገኝቶ በማስመርመር እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው ጥናት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ከአደጋዎቹ ሦስት አራተኛው ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር የተደረገ ግጭት ነው፤ ከነዚህም በሁለት ሦስተኛው ቅድሚያ የነፈገው ባለመኪናው ነው። «አላየሁትም» ነው መልሱ። ከአደጋው በፊት የነበረው መካከለኛ ፍጥነት በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ሞተረኛው አደጋውን ለማምለጥ የነበረው ጊዜ ሁለት ሰከንድ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ኩርባ ላይ ማዘንበልን የተካነ ሰው ሳያየው ለሚታጠፍበት ሚኒባስ ምን ያደርገዋል? እንዲያውም ጎበዝ ነኝ ማለቱ ያስፈጥነዋል ብዬ እፈራለሁ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ወደ ወንድሜ እመለሳለሁ፤ እሱ ከነዚህ ከአንዳቸውም አይደለምና። ፍጥነት አላማረውም። እነዚያ ቀበሌዎች መኪና አይገባባቸውም። ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ሰዓታት ትጓዛለች። የሰኞውን የባቲ ገበያ የሚፈልግ ሰው ሌሊት ተነስቶ በእግሩ ይጓዛል። አንድ ሞተር ስንቱን እንደሚያቀልል ያደግኩበት አገር ስለሆነ አውቀዋለሁ። በሌላ በኩል ወደ አስፋልቱ ሲወጣ የሚያገኘው የጅቡቲ መንገድ ነው፤ ተሳቢ የሚጎትቱ ከባድ መኪኖች ቁልቁለቱን ሲወርዱ ለዶቅዶቄ ቦታ የሚለቁ አይደሉም።

መቼም መንግሥት ሲከለክል ሌላ ምክንያት ነው የሚኖረው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የአዲስ አበባ አስተዳደር አብዛኞቹን ሞተረኞች ከመንገድ ያገደው በሞተር የሚፈጸመው ዝርፊያ በዝቷል በሚል ነበር። የተነጠቀው ቦርሳና ስልክ አስፋልት ላይ ከፈሰሰው ደም ይልቅ ሰሚ ማግኘቱ ያሳዝናል።

የኛንም ጥፋት ልንገር። ሄልሜት ለምን አታደርግም ብዬ የጠየቅኩት አንድ ሞተረኛ «አጀሌ ከደረሰ ብረት ብለብስስ?» ብሎኛል። ቀደርን ማመን ግዴታችን ነው። ነገር ግን ይኸው ሰው ሌሊት ሞተሩን በሁለት ሰንሰለት ከምሰሶ ጋር ሳያስር አይተኛም! ሞተሩ በሰንሰለት፣ ጭንቅላቱ በተወኩል! ሰበብ ማድረስ ለብረቱ ከሆነ ለራስ ቅሉ የማይሆንበት ምክንያት አልገባኝም። ሄልሜት የሞትን ዕድል በ42 ከመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ በ69 ከመቶ እንደሚቀንስ ብዙ ጥናቶችን ያነጻጸሩ ሐኪሞች አረጋግጠዋል።

ለወንድሜ የላክሁለት መልስ እንዲህ የሚል ነበር። መንጃ ፈቃዱን በእጁ ይዞ ያሳየኝ። ከመግሪብ በኋላ አስፋልት አይውጣ። ሦስት ሰው አይጫን፤ አንድ ብቻ ይፈናጠጥ። ሄልሜቱም ሁለት ይሁን፤ አንዱ የሱ፣ ሌላው ከኋላው ለሚፈናጠጠው። «ይህን ከተቀበልክ ገንዘቡን እልካለሁ» አልኩት። ያለ ክርክር ተቀበለ። ክርክሩ የመጣው ከእናቴ ነው። ስለ ሁለቱ ሄልሜት ስነግራት ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች።

«ሁለተኛው ለማን ነው?» አለችኝ።

«ከኋላ ለሚፈናጠጠው ሰው ነው፣ እማ።»

«ያስ ሰው እናቱን ጠይቋል?»

ጀሪካን ያዘለችው ልጅ ትዝ አለችኝ፤ መልስ አጣሁ። ገንዘቡ እስካሁን አልተላከም። ወንድሜ ዛሬ ጠዋትም ደውሎ ነበር።