የሰው እሳት ማዳመጥ

አሜሪካ ውስጥ ስካነር የሚባል ትንሽ ሬዲዮ ገዝቶ የከተማውን እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ሲያዳምጥ የሚያመሽ ሰው ሞልቷል። መሣሪያው ሞገዶቹን አንድ በአንድ እየፈተሸ ይዞራል፣ ድምፅ ያገኘበት ላይ ይቆማል። አሁን አሁንማ መሣሪያም አያስፈልግም፤ እንደ ብሮድካስቲፋይ ያሉ ድረ ገጾች ይህንኑ ድምፅ በስልክ ያሰማሉ። አብዛኛው አሰልቺ ነው። የጭስ ማስጠንቀቂያ ጮኸ፣ ሊፍት ውስጥ ሰው ተቆለፈበት፣ ድስት አረረ። ከዚያ ድንገት አድራሻ ይጠራል፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ልጅ ውስጥ አለ ይባላል።

ሕጉ ብዙም አይጨነቅም። በ1986 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ማንም በቀላሉ ሊሰማው የሚችለውን የፖሊስና የእሳት አደጋ ሬዲዮ ማዳመጥን አይከለክልም። ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው ሰው አድራሻውን የተናገረው ውሃ ይዞ ለሚመጣ ሰው ነው፤ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ለሚሰማ አይደለም።

አማርኛ ለዚህ ዝግጁ ስድብ አለው፦ ጆሮ ጠቢ። ለእኔ ግን ስድቡ እዚህ ቦታውን የሳተ ይመስለኛል። ጆሮ ጠቢ የሰማውን ይዞ የሚሄድበት አለው። የስካነር አድማጭ የሚሄድበት የለውም፤ ችግሩም እሱ ነው። ገጠር ሌሊት ኡኡታ ሲሰማ የሰማ ሁሉ ተነስቶ ይሮጣል፤ አንዱ ውሃ፣ አንዱ እርጥብ ቅጠል፣ አንዱ ባዶ እጁን። ሰምቶ የተኛ ሰው ሲነጋ ጎረቤቱን በምን ዓይኑ ያያል? እዚያ ጆሮ የሚሠራው ከእግር ጋር ነው። ስካነር ጆሮን አርዝሞ እግርን ባለበት ተወው። የሃያ ኪሎ ሜትር ኡኡታ ትሰማላችሁ፣ ብትሮጡ ግን የመኪናዎቹን መንገድ ከመዝጋት በቀር የምትፈይዱት የለም።

የሮጠም ነበር። ዊጂ በሚል ስም የሚታወቀው የኒውዮርክ ፎቶ አንሺ አርተር ፌሊግ በ1930ዎቹ መጨረሻ መኪናው ውስጥ የፖሊስ ሬዲዮ ነበረው፤ ካሜራውን ይዞ ይበራል። በ1939 ያነሳው አንድ ፎቶ፣ ቤተሰባቸው እሳት ውስጥ የቀረባቸው እናትና ልጅ ቀና ብለው ሲያለቅሱ ያሳያል። ርዕሱ ሲያነሳ እሱም ማልቀሱን ይናገራል። ማልቀሱን አምነዋለሁ። ለሴቶቹ ግን እንባው ምን አደረገላቸው? ምንም። ቢሆንም ያ ፎቶ ባይነሳ የእነዚያ ድሆች ሌሊት ዛሬ ማንም ሳያውቀው በቀረ ነበር፤ ስለዚህ ዊጂን በአንድ ቃል ማውገዝ አልችልም።

ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001፣ በእኛ የ1994 እንቁጣጣሽ ዕለት፣ የእሳት አደጋ አዛዡ ኦሪዮ ፓልመር የደቡቡ ሕንፃ 78ኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ ነበር። እሳቱ እዚህም እዚያም እንደሆነ፣ በሁለት የውሃ መስመር ሊጠፋ እንደሚችል በተረጋጋ ድምፅ በሬዲዮ ተናገረ። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ሕንፃው ተደረመሰ። በዚያ ቀን 343 የኒውዮርክ እሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ። (የፓልመርን ድምፅ የቀረጸው የሰው ስካነር አልነበረም፤ የሕንፃው የራሱ ሥርዓት ነው።) ቅጂው ባይገኝ ኖሮ ያን ያህል ከፍታ መድረሱን ማን ይነግረን ነበር? እዚህ ላይ ማዳመጥ እንደ ለቅሶ መድረስ ነው፤ የሞተውን አትመልሱም፣ ግን አልቀራችሁም።

የኒውዮርክ ፖሊስ ከ2023 ጀምሮ ሬዲዮውን እየመሰጠረ ነው፤ ጋዜጠኞች ተቃውመዋል። እሳት አደጋም ይዘጋ ቢባል እኔ ክፍት ይቆይ ባይ ነኝ። የምጠላው አድማጩን አይደለም፤ አድራሻውን ሰምቶ በደቂቃ ውስጥ ቲክቶክ ላይ የሚለጥፈውን ነው። የልጁ እናት ያኔ ሥራ ላይ ልትሆን ትችላለች፣ ስልኳም እጇ ላይ ነው።