«ቀደር ነው» ከማለታችን በፊት

እኛ መቻራ ሰው በመኪና ሲሞት፣ ለቅሶ ቤት መጀመሪያ የሚሰማው «ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው አይቀርም» የሚል ነው። እኔም አምናለሁ፤ በቀደር ማመን ከስድስቱ የኢማን መሠረቶች አንዱ ነው። ቺሮ ሄጄ የመንጃ ፈቃድ ሥልጠና ከጀመርኩ ወዲህ ግን አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ይነሳኛል። ይህን ቃል የሟች እናት ስትለው ሰብር ነው። ሹፌሩ ሲለውስ?

ሳዑዲ ለሴቶች መንዳት የፈቀደችው ሰኔ 17 ቀን 2010 ነው። እኔ ያኔ ጅዳ ሰው ቤት እሠራ ነበር። ማዳሜ መንጃ ፈቃድ አውጥታ ስትነዳ፣ ከኋላ ልጆቿን ይዤ እቀመጥና መንዳት ማለት ነፃነት ነው እል ነበር። አሁን በዚህ ዕድሜዬ ራሴ መሪ ስይዝ አማና ሆኖ አገኘሁት።

አሠልጣኙ ዳገት መሃል ያስቆመኛል። የእጅ ፍሬን እይዛለሁ፤ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጌ ስለቅ የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል፣ መኪናው ይንቀጠቀጣል። የእጅ ፍሬኑ የሚለቀቀው ያኔ ነው፤ ቀድሞ ከተለቀቀ መኪናው ወደኋላ ይሸሻል። አንድ ቀን በስፖኪዮ ሳይ እንጨት የተሸከመች ሴት ከኋላዬ ታቋርጣለች። መኪናው አልሸሸም። አላህ ጠበቃት። የጠበቃት ግን በእግሬ ነው፤ እግሬን ያስለመደው ደግሞ ያ የሚያሰለች ልምምድ ነው።

በሱረቱ አን-ኒሳእ 92ኛ አንቀጽ፣ ሳያስብ አማኝ የገደለ ሰው ለሟች ቤተሰብ የደም ካሳ እንዲከፍል፣ ባሪያም ነፃ እንዲያወጣ፣ ነፃ የሚያወጣው ባሪያ ካላገኘ ሁለት ወር በተከታታይ እንዲጾም ታዟል። ያለ በቂ ምክንያት አንድ ቀን ቢያፈርስ ከመጀመሪያው ይቆጥራል። ሆን ብሎ አልገደለም እኮ! ቀደር ከተጠያቂነት የሚያድን ቢሆን ይህ ሁሉ ለምን ታዘዘ? ካሳውን ዘመድ አዝማድ ያዋጣለታል፤ ጾሙን ግን የሚጾምለት የለም። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ሊቃውንቱም ጉዳዩን አልተዉትም። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በሰኔ 1985 ብሩናይ ላይ ተሰብስቦ፣ ከሸሪዓ ጋር የማይጋጭ የትራፊክ ሕግን ማክበር ሸሪዓዊ ግዴታ ነው ብሏል። የአገራችን የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው ስለመግደል ሲደነግግ ሹፌርን ከሐኪም ጎን ያቆመዋል፤ ሁለቱም የሰው ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ አለባቸውና።

ሹፌሩን ብቻ መውቀስም ልክ አይደለም። የገለምሶ ጫት ሳይጠወልግ ገበያ ይድረስ ብሎ የሚያጣድፍ ነጋዴ አለ። ተሳፍረን «ንዳው እንጂ!» የምንልም አለን። ከዚያ ሰው ሲሞት ሁላችንም ቀደር ላይ እንጥለዋለን።

ሸሆቻችንን የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ይህን በጁምዓ ኹጥባ አንሱልን። ሳይሠለጥኑ መንጃ ፈቃድ በገንዘብ መግዛት በአላህ ፊት ምን እንደሆነ ለወጣቶቻችን በግልጽ ንገሯቸው። የምትነግሯቸው ግን መሪ ከመጨበጣቸው በፊት ይሁን።