ቀምሶ የሚያቀርብ

ድሮ ጠጅ አሳላፊ ለእንግዳ ከማቅረቡ በፊት ከመዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምስ ነበር። ለኮምፒውተራችንስ ማን ይቀምስልናል? የነፃ ሶፍትዌር የምንጭ ጽሑፍ ለሁሉም ክፍት ቢሆንም፣ ብዙዎቻችን የምንጭነው ሌላው አሰናድቶ ያስቀመጠልንን ነው።

ፋይል የሚያምቀውን ኤክስዜድን ለዓመታት ያለ ደመወዝ የተሸከመው አንድ ሰው ነበር። አቅም ሲያንሰው፣ የማይታወቁ ሰዎች እንዲፈጥን፣ ካልሆነም ለሌላ እንዲለቅ ወጠሩት። ላግዝህ ብሎ የተጠጋው ደግሞ ከሁለት ዓመት በላይ ታግሶ አመኔታ አገኘና በ2016 ዓ.ም. ለሥርጭት ባሰናዳው ጥቅል መርዝ ጨመረ። መርዙን የሚያነቃው ቁራጭ ሁሉ በሚያየው ጽሑፍ ውስጥ አልነበረም። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ የደረሰበት የግማሽ ሰከንድ መዘግየት ከንክኖት ነው።

እኔን የሚከነክነኝ ግን ያ የደከመው ሰው ነው። መራዡን እንርገመው፣ ይገባዋል፤ እኛስ በነፃ ስንጠጣ አሳላፊው ይብላ ይጹም መቼ ጠየቅን? እኔ እንኳ ስሙን የሰማሁት ጠጁ ከተመረዘ በኋላ ነው።