ሁሉን የሚችል ጓደኛ

አራት ሰዎች አንድ ጨዋታ አብረው ይጫወታሉ እንበል። እርስ በርስ አይወዳደሩም፤ አራቱም በአንድ ወገን ናቸው፣ ካሸነፉ አብረው ያሸንፋሉ። ከአራቱ አንዱ ግን ከሌሎቹ በብዙ እጥፍ ይበረታል። የተበደለ ሰው አለ?

ላይ ላዩን ሲታይ የለም። ጓደኛዬ ቢበረታ ለኔ ምን ክፋት አለው? እሱ ጠላቱን ሲጥል እኔም አብሬ እተርፋለሁ። ገበጣ ቢሆን ነገሩ ሌላ ነው፤ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ የአንዱ ጠጠር ከሌላው ቢበልጥ ጨዋታው ገና ሳይጀመር ተበላሽቷል። አንድ ወገን ሆነን ስንጫወት ግን እኩልነት ምን ያደርግልናል?

ይህ ጥያቄ ሰውን ለአሥርተ ዓመታት ሲያጨቃጭቅ ኖሯል። የጭቅጭቁም መነሻ አንድ ገጸ ባሕርይ ነው፦ የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ አስማተኛ።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። በ1974 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ጌሪ ጋይጋክስ እና ዴቭ አርነሰን አሜሪካ ውስጥ ያወጡት የጠረጴዛ ጨዋታ ነው። አንድ ሰው ታሪኩን ይመራል፤ ዓለሙን፣ ጭራቁን፣ የመንደሩን ሰው ሁሉ የሚናገረው እሱ ነው። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ይሆናሉ፦ ተዋጊ፣ ሌባ፣ ካህን፣ አስማተኛ። «በሩን እሰብራለሁ» ትላላችሁ፣ ዳይስ ትጥላላችሁ፣ ቁጥሩ የሆነውን ይነግራችኋል። ወሬ፣ ወረቀትና ዳይስ፣ በቃ።

አስማተኛው ኃይሉን ያገኘው በትምህርት ነው። መጽሐፍ አለው፤ ድግምቱን ከዚያ አጥንቶ ይወጣል። «አስማት» በግዕዝ «ስሞች» ማለት መሆኑን ስታስቡት፣ ቃል አጥንቶ ኃይል የሚያገኝ ሰው ለኛ ጆሮ ያን ያህል እንግዳ አይደለም።

በ1978 በወጣው የተጫዋቾች መጽሐፍ ውስጥ ይህ ሰው ሲጀምር ያሳዝናል። በቀን አንድ ድግምት ብቻ አለው። የሕይወት ነጥቡ የሚወሰነው ባለ 4 ገጽ ዳይስ ተጥሎ ነው፤ የተዋጊው በባለ 10። ወደ 2ኛ ደረጃ ለመውጣት ሌባ 1,250 ገደማ የልምድ ነጥብ ይበቃዋል፣ ተዋጊ 2,000 ገደማ፣ አስማተኛ 2,500 ገደማ። ያችን አንዷን ድግምት ከተኮሰ በኋላ ሥራው ከተዋጊው ጀርባ ተደብቆ መዋል ነው።

ከዚያ ያድጋል። ተዋጊው በየደረጃው ትንሽ ትንሽ ስለሚጨምር ግራፉ ቀጥ ያለ መስመር ነው። አስማተኛው ጋ ግን ሁለት ነገር በአንዴ ያድጋል፦ የድግምቶቹ ብዛትም፣ የእያንዳንዱ ድግምት ጉልበትም። የእሳት ኳስ የሚባለው ድግምት በ5ኛ ደረጃ አስማተኛ እጅ በ5 ዳይስ ድምር ይጎዳል፣ በ10ኛ ደረጃ አስማተኛ እጅ በ10። በዚያ ላይ በቀን የሚተኩሰው ብዛት ጨምሯል። ሁለት የሚያድጉ ቁጥሮች ሲባዙ ግራፉ ወደ ላይ ይታጠፋል። ከጊዜ በኋላ ተዋጊው ከመሬት ሆኖ ሽቅብ የሚያየው ሰው ይሆናል።

የዚህ ንድፍ የፍትሕ ሐሳብ ለኛ በጣም የታወቀ ነው፦ አሁን ተሰቃይ፣ በኋላ ይከፈልሃል። ስንቶቻችን እንዲህ እየተባልን አደግን! ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም፤ ግን ሁለት ነገር ይጎድለዋል።

አንደኛ፣ ሒሳቡ የሚዘጋው በዘመን ድምር ነው፣ ሰው የሚጫወተው ግን ማታ ማታ ነው። ጨዋታው 4ኛ ደረጃ ላይ ቢቋረጥ (ሰው ሥራ ይቀይራል፣ ያገባል፣ አገር ይለቃል) አስማተኛው ከፍሎ ሳይቀበል ቀረ ማለት ነው። 15ኛ ደረጃ ላይ የተቀላቀለ ተዋጊ ደግሞ ያላየውን ዘመን ዕዳ ይከፍላል። አማካዩ ልክ የሆነ ሥርዓት ውስጥ አንድም ልክ የሆነ ምሽት ላይኖር ይችላል። ሶፍትዌር የምንጽፍ ሰዎች ይህን በደንብ እናውቀዋለን፦ የሰርቨሩ አማካይ ፍጥነት አሪፍ ነው ማለት፣ አሁን ገጹ አልከፍት ብሎት ለተቀመጠው ሰው ምንም ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ይብሳል። አስማተኛውን በደካማነቱ ዘመን በሕይወት ያቆየው ማነው? ተዋጊው ነዋ። ፊት ቆሞ የተመታው፣ ቁስሉን ታግሶ ጓደኛውን ያሳደገው እሱ ነው። ዕዳ ካለ ባለዕዳው አስማተኛው ነው። መጨረሻ ላይ ግን የተሸከመው ሰው አላስፈላጊ ይሆናል።

«አላስፈላጊ» የሚለውን ቃል ያዙልኝ። ብዙ ሰው ችግሩን የሚለካው ማን ስንት ጎዳ እያለ ነው። ለኔ ትልቁ ጉዳይ በር ላይ ነው። ሌባዋ ቁልፍ መክፈት ትችላለች፤ ወደዚህ ቡድን የመጣችውም በዚህ ሙያዋ ነው። አስማተኛው ግን ቁልፍ የሚከፍት ድግምት አለው። አንድ ቃል ይናገራል፣ በሩ ይከፈታል። ሌባዋ ምንም አልተወሰደባትም፤ ችሎታዋ ወረቀቷ ላይ እንዳለ ነው። የጠፋው ችሎታዋን የሚፈልግ ሰው ነው።

በ2014ቱ እትም ይህ ድግምት አንድ ጣጣ አለበት፦ ሲነገር እስከ 300 ጫማ፣ ማለትም እስከ 90 ሜትር ገደማ የሚሰማ የማንኳኳት ድምፅ ያወጣል። ይህችን መስመር በጣም እወዳታለሁ። አስማተኛው ያው በሩን መክፈት ይችላል። በጸጥታ የሚከፍት ሰው ስትፈልጉ ግን ሌባዋን ትጠራላችሁ።

ሚዛኑን ለማስተካከል ከተሞከሩት መንገዶች ሁለቱን ልጥቀስ። በ2008 የወጣው አራተኛ እትም ለሁሉም አንድ ዓይነት አሠራር ሰጠ፦ ሁሌ የሚሠራ ችሎታ፣ በአንድ ግጥሚያ አንዴ የሚሠራ፣ በቀን አንዴ የሚሠራ። ተዋጊውም እንዲያ፣ አስማተኛውም እንዲያ። ሚዛኑ በእርግጥ ተስተካከለ። ብዙ ተጫዋች ግን «ሁላችንም አንድ ሆንን» ብሎ አኮረፈ። ለካ ሰው የፈለገው ከጓደኛው የተለየ ሆኖ መፈለግን ነበር።

በ1987 የወጣው አርስ ማጂካ ደግሞ በተቃራኒው ሄደ። እዚያ አስማተኛው ከሌላው እንደሚበልጥ በግልጽ ተቀምጧል። ታዲያ ተጫዋቾቹ ይፈራረቃሉ፦ ዛሬ የኔ አስማተኛ ይወጣል፣ አንተ አጃቢ ጭፍራ ትሆናለህ፤ ነገ ደግሞ በተራህ። ገጸ ባሕርያቱ አይተካከሉም፣ ሰዎቹ ግን ይተካከላሉ። ጆን ሮልስ በ1971 መጽሐፉ ላይ «ሕግ ስታወጣ፣ በሕጉ ውስጥ ማን እንደምትሆን እንደማታውቅ ሆነህ አውጣ» የሚል ይዘት ያለው ሐሳብ አቅርቦ ነበር። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሐሳቡ ጥቂት ይቀርበናል፤ ነገ ጭፍራው አንተ መሆንህን ስለምታውቅ፣ ዛሬ ጭፍራን እንዴት እንደምትይዝ ታስብበታለህ።

እዚህ ላይ የሚነሳ ጥሩ ተቃውሞ አለ። «ይሄ እኮ የሕግ ሳይሆን የጠባይ ጉዳይ ነው። ጨዋ አስማተኛ በሩን ለሌባዋ ይተዋል፣ ድግምቱን ተዋጊውን ለማፍጠን ያውለዋል» ይባላል። እውነት ነው፤ እንዲህ ከሚጫወት ሰው ጋር መጫወት ደስ ይላል። ግን የሌባዋን ቦታ አስቡት። ዛሬ በሩን የከፈተችው ስለተፈቀደላት ነው። ቸኩሎ ወይም ደብሮት የመጣ ቀን አስማተኛው ራሱ ይከፍተዋል፣ «ለምን?» ብትለው መልስ የለባትም። በሌላ ሰው ደግነት ላይ የቆመ ቦታ ችሮታ እንጂ የራስህ ድርሻ አይሆንም። ደግነትን አልናቅሁም፤ ግን አዋቂ ሰው ጓደኛው እንዲራራለት ብሎ ጠረጴዛ አይቀርብም።

ሥራ ቦታም ይህን ሰው ታውቁታላችሁ። ሲስተሙን በሙሉ የሚያውቅ፣ ፓስወርዱ ሁሉ እጁ ላይ ያለ፣ ሌሊት ተነስቶ የሚያስተካክል። ክፉ አይደለም፣ እንዲያውም ከሁሉም ደግ ነው። ዙሪያው ያሉት ግን ቀስ በቀስ መሞከር ያቆማሉ፤ ምን አስቸኮላቸው፣ እሱ አለ። እሱም ዕረፍት መውጣት ያቅተዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እዚህ ላይ በሁለቱም በኩል ይሠራል፦ የተሸከመው ይደክማል፣ ባዶ እጁን የቀረው ደግሞ ጌጥ ያጣል።

ስለዚህ የ2014ቱ እትም ያመጣው የኮንሰንትሬሽን ሕግ ከሁሉም የተሻለ መልስ ይመስለኛል። ጸንተው የሚቆዩ አብዛኞቹ ድግምቶች የአስማተኛውን ሐሳብ ይይዛሉ፤ ከነሱ በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ መያዝ ይችላል። ሲመታ ደግሞ ዳይስ ጥሎ ካልሆነለት ድግምቱ ይፈርሳል። አሁንም ኃያል ነው፣ ግን ፊቱ የሚቆምለት ሰው ያስፈልገዋል። ሕጉ ጉልበቱን ሳይነጥቅ ከጓደኞቹ ጋር አሰረው።

ይሄም ሙሉ መድኃኒት አይደለም። የዚያው እትም የመሪ መጽሐፍ አንድ ቡድን በቀን ከ6 እስከ 8 መካከለኛ ወይም ከባድ ግጥሚያ ይችላል ብሎ ያሰላል። ጠረጴዛችሁ ላይ በቀን አንድ ግጥሚያ ብቻ ካለ አስማተኛው የሚቆጥብበት ምክንያት የለውም፣ ያለውን ሁሉ በአንዴ ያራግፋል። መጽሐፍ ላይ የተስተካከለ ሚዛን አኗኗራችሁ ሲለወጥ ይዛባል፤ እየቆያችሁ ማየት አለባችሁ።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ስመለስ መልሴ «አዎ፣ የተበደለ አለ» ነው። ማንም ሳይሰርቀው፣ ማንም ሳይሰድበው፣ እሱ ኖረም አልኖረም ታሪኩ ያው የሆነበት ሰው ተበድሏል። መለኪያውም ቀላል ነው። ጨዋታው ሲያልቅ እያንዳንዱን ሰው «ዛሬ አንተ ባትኖር የማይሆነው ነገር ምን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት። ለሦስት ሳምንት በተከታታይ የሚመልስ አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ እሱን አትቆጡት፣ ሌሎቹንም «በርቱ» አትበሏቸው። ቁጭ ብላችሁ ሕጉን አሻሽሉ።