መናገር ሌላ፣ ማስረዳት ሌላ

በሥራ ቦታ አንድ መሣሪያ እንደሚያስፈልግ የሚያውቀው ባለሙያው ነው፤ ገንዘቡን የሚፈቅደው ግን ብዙውን ጊዜ ሙያውን የማያውቅ አለቃ ነው። ታዲያ ባለሙያው ተናግሮ፣ አለቃው ሳይገባው ቀርቶ ጉዳት ቢደርስ ተጠያቂው ማን ነው? «እኔ ተናግሬአለሁ» ማለትስ ከኃላፊነት ነፃ ያወጣል?

እስቲ አንድ የታወቀ ታሪክ እናንሣ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኩራኩር በተነሣች በ73 ሴኮንድ ተሰባብራ የተሳፈሩባት ሰባት ሰዎች አለቁ። የሮኬቱን መጋጠሚያ የሚደፍነው የጎማ ቀለበት በብርዱ ምክንያት የመለጠጥ ኃይሉን አጥቶ ነበር። ሮጀር ቦይጆሊ የተባለው መሐንዲስ ይህን አደጋ ከስድስት ወር በፊት ለአለቆቹ በጽሑፍ አስታውቋል። በዋዜማው ማታም መሐንዲሶቹ በስልክ ስብሰባ ላይ ሰንጠረዥና ቁጥር እያቀረቡ፣ ቅዝቃዜው ከ53 ዲግሪ ፋራናይት በታች ከሆነ እንዳትነሣ መከሩ። የናሳ ኃላፊዎች ማስረጃው አላረካቸውም፤ የመሐንዲሶቹ ኩባንያ አለቆችም በመጨረሻ ትነሣ አሉ።

ከአደጋው በኋላ የፊዚክስ ሊቁ ሪቻርድ ፋይንማን በአጣሪው ኮሚሽን ፊት የዚያኑ ጎማ ቁራጭ በመቆንጠጫ ጨምቆ በረዶ ባለበት ውኃ ውስጥ ነከረው። ሲፈታው ጎማው ቶሎ ወደ ቅርፁ አልተመለሰም። ሳይንስ ያልተማረ ሰው እንኳ ነገሩ ወዲያው ገባው።

ከዚህ ተነሥቶ መሐንዲሶቹን መውቀስ ግፍ ነው። በአንዲት ሌሊት፣ ባልተሟላ መረጃ፣ «አደጋ መኖሩን አረጋግጡ» ተባሉ፤ ማረጋገጥ የነበረበት ግን ደኅና ነው ባዩ ነው። ቢሆንም የብርጭቆው ውኃ አንድ ነገር ያስተምረናል፦ እውነት በሰሚው ዓይን ፊት እስኪቀመጥ ድረስ የተናጋሪው ሥራ አላለቀም።

ይህ ለእኛም ይሠራል። በሰው አገር፣ በሰው ቋንቋ የምንሠራ ሰዎች ተማሪነታችን እንዲታወቅልን ስንል በሙያ ቃላት መሸሸግ ይቃጣናል። ለምሳሌ የቢሮ ኮምፒዩተር ጠባቂ ዩ.ፒ.ኤስ. እንዲገዛለት ሲጠይቅ የቮልት ቁጥር ቢደረድር ማንም አይሰማውም። «መብራት ድንገት ሲጠፋ በመጻፍ ላይ ያለው መዝገብ ሊበላሽ ይችላል፤ ይህ ባትሪ ሥራችንን አስቀምጠን ለመዝጋት ጥቂት ደቂቃ ይሰጠናል፤ ዋጋው ይህን ያህል ነው» ቢል ግን አለቃው አመዛዝኖ መወሰን ይችላል።

ማቅለል ማለት ግን ማጋነን አይደለም። መሣሪያውን ለማግኘት ብሎ ሰውን ማስፈራራት፣ በማይገባ ቃል ከማደናገር አይሻልም፤ ሁለቱም የሌላውን ሰው የመወሰን መብት ይቀማሉ። እርግጠኛ ያልሆንበትንም «ይህን አላረጋገጥሁም» ማለት የማስረዳት ክፍል ነው።

አለቃስ ነፃ ነውን? አይደለም። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ አባቶቻችን፤ በቻሌንጀር ጊዜ ግን የቀረው ሹመት ሳይሆን የሰው ሕይወት ነበር። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ነገ መሣሪያ ስትጠይቅ «ተናገርሁ ወይ?» ሳይሆን «ገባው ወይ?» በል፤ ተጠያቂው አንተ ከሆንህም «አልገባኝም» ማለትን አትፈር።